ስድስተኛው ብረት

ባለሳጥኑን በደረቱ ተደፍቶ ያገኘችው ሚስቱ ናት። ምሳውን ይዛ የወርክሾፑን በር በክርኗ ገፋ አድርጋ ገባች፤ «የት ነህ? ዛሬስ ሳይቀዘቅዝ ብላ» እያለች። መልስ የለም። ሁለት እርምጃ እንደተራመደች እግሩን አየች። ሰጋቱራው ላይ ተዘርግቷል፤ አናቱ ላይ ደም ረግቶ ጠጉሩን አጣብቆታል።

ጩኸቷን ሰምተው ጎረቤቶች ሲደርሱ፣ ተንበርክካ ጆሮዋን ጀርባው ላይ ለጥፋ ነበር።

«ዝም በሉ!» አለቻቸው። «እባካችሁ ዝም በሉ፣ ይተነፍሳል መሰለኝ!»

ይተነፍስ ነበር።

ኢንስፔክተሯ የደረሰችው አምቡላንሱ ከሄደ ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ቀጠን ያለች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት። ጣቢያ ውስጥ በሌለችበት «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል። ታውቃለች፣ አልከፋትም። አብሯት የመጣው ሳጅን ደግሞ ትከሻው ሰፊ፣ ጨዋታው ከትከሻውም የሰፋ ሰው ነው።

ባለሳጥኑ ወንበርና ጠረጴዛ አይሠራም። ሥራው አንድ ነው፤ ሳብዉፈር ለሚባሉት ትልልቅ የቤዝ ድምፅ ማጉያዎች በልካቸው የእንጨት ሳጥን መሥራት። ሰሞኑን ለአንድ የቲያትር አዳራሽ ሁለት ሳጥን ታዝዞ ነበር። አንደኛው አልቆ፣ ስፒከሩ ተገጥሞለት፣ ከግድግዳው ተጠግቶ ቆሟል፤ ሽቦው ከአምፕሊፋየር ጋር እንደተያያዘ ነው። ሁለተኛው ገና ነው። ከፊት ለፊቱ በጀርባው ተንጋሎ፣ የስፒከሩ ቦታ ትልቅ ክብ ቀዳዳ ወደ ጣሪያው አፉን ከፍቷል። ከቀዳዳው ጎን አንድ ረጅም፣ ጠበብ ያለ ክፍተት አለ። ሰውየው ወድቆ የተገኘው እዚህ ሳጥን ሥር ነው። እንጨቱን ያለሰልስበት የነበረው ብርጭቆ ወረቀት ሳጥኑ ላይ ቀርቷል።

«ይሄ ሳጥን ነው ወይስ ቤት?» አለ ሳጅኑ። «እኔ የተከራየሁት ክፍል እንኳ ከዚህ ይጠባል።» ባትሪውን አብርቶ በክቡ ቀዳዳ አንገቱን አስገባ። «ባዶ ነው፣ አለቃ። ተከራይ የለበትም።»

ኢንስፔክተሯ ቀና ብላ መደርደሪያውን ታያለች። መደርደሪያው ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ፣ ልክ ከተንጋለለው ሳጥን በላይ ግድግዳው ላይ ተመትቷል። አምስት የብረት ቁራጮች ተደርድረውበታል፤ እያንዳንዳቸው ጡብ የሚያህሉ፣ ግን ቀጠን ያሉ። በርጩማ አምጥታ ወጣች። በመደርደሪያው አቧራ ላይ፣ ከአምስቱ ቀጥሎ፣ አንድ የጠራ መስመር አለ። ከግድግዳው ተነሥቶ እየተጠማዘዘ እስከ ጫፉ ድረስ ይመጣል።

«ሰው ብረት ሲያነሣ ብድግ ያደርጋል እንጂ ለምን ይጎትታል?» አለች።

«ከባድ ስለሆነ ነዋ» አለ ሳጅኑ።

«ለምንስ አጣሞ ይጎትታል?»

ሳጅኑ ይህን ጊዜ የጓሮውን በር ከፍቶ ነበርና ጠራት። በፊት ለፊት በኩል ያለውን ሰጋቱራ ጎረቤቶቹና የአምቡላንሱ ሰዎች አቡክተውታል። በጓሮ በር በኩል ግን ማንም አልረገጠም፤ ከአንድ ሰው በቀር። ትልቅ ጫማ ነው። አራት እርምጃ ገብቶ፣ እዚያው ዞሮ፣ በመጣበት ተመልሷል።

*

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሚስቱ ቀሚሷ ላይ ያለውን ሰጋቱራ አንድ በአንድ ትለቅማለች። ሐኪሙ ከክፍሉ ወጥቶ ነገራቸው፤ ጠርዝ ያለው ከባድ ነገር ከላይ ወደ ታች አናቱን መትቶታል። ራሱን አያውቅም። መቼ እንደሚነቃ፣ መንቃቱንም ቢሆን፣ ዛሬ መናገር አይቻልም።

«እህቴ፣ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብረቶች ምንድን ናቸው?» አለች ኢንስፔክተሯ አጠገቧ ተቀምጣ።

«ሳንቃ ሲያጣብቅ የሚጭንባቸው ናቸው። ኮላው እስኪደርቅ። ስድስቱን አንድ ላይ ነው ያስቆረጣቸው።»

«አምስት ናቸው ያሉት።»

ሴትየዋ እጇ ቆመ። «ስድስት ናቸው» አለች። «በየሳምንቱ አቧራቸውን የማራግፈው እኔ ነኝ።»

ሳጅኑ ማስታወሻ ደብተሩን ዘጋ። የተመታበት ነገር ታውቋል ማለት ነው፤ የቀረው ማን እንደወሰደው ነው።

*

ከወርክሾፑ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤት ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። ከአንድ ቀን በፊት መንገድ መሐል ቆሞ «አንድ ቀን ያንን ሳጥን አናትህ ላይ ነው የምሰብረው!» ብሎ መጮኹን ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል።

«ብያለሁ» አለ መምህሩ ገና ሳይጠየቅ። ቁመቱ ከኢንስፔክተሯ ትከሻ አያልፍም፤ ከዘራ ይዟል። «እንደምትመጡ አውቄ ሸሚዝ ቀይሬ ነው የጠበቅኋችሁ።»

«ለምን አሉት፣ መምህር?»

«ልጄ፣ ጥርስሽን የምታኖሪበት ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ በራሱ እየተራመደ ሄዶ ሲፈጠፈጥ ብታዪ አንቺም ትዪ ነበር። እሱ ሰውዬ ሳጥን ሲፈትን የኔ ቤት ዕቃ ሁሉ እግር ያወጣል።» ድምፁ ድንገት ዝቅ አለ። «እንዲሞት ግን... ይሄን አልፈለግኩም። ምን አሉ ሐኪሞቹ?»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«የት እሆናለሁ? እዚሁ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ።» ጠርዙ የተላላጠ ደብተር ሰጣት። ለማዘጋጃ ቤት አቤቱታ ሲያጠራቅም ቆይቷል፤ በየቀኑ ድምፁ የጀመረበትና ያቆመበት ደቂቃ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል። የዛሬውን ጮክ ብላ አነበበችው። «አራት ሰዓት ከአሥር፦ ጀመረ። አራት ከአሥራ ሁለት፦ ቀውላላው ወንድሙ በጓሮ በር ገባ። አራት ከአሥራ አራት፦ እየሮጠ ወጣ። አራት ከሠላሳ ሁለት፦ ድምፁ ቆመ። ተመስገን።»

«ተመስገን ተብሎ ተጽፏል?» አለ ሳጅኑ።

«ተጽፏል» አለ መምህሩ አንገቱን ደፍቶ። «ምን ላድርግ፣ አላወቅኩማ።»

ደጅ ሲወጡ ሳጅኑ ሳቁን መያዝ አቃተው። «አለቃ፣ ይሄ ሰውዬ ባለሳጥኑን አናቱ ላይ ለመምታት መሰላል ያስፈልገዋል። ቀውላላው ወንድምዬው ግን መሰላል አያሻውም።»

*

የባለሳጥኑ ታናሽ ወንድም የድምፅ መሣሪያ በሚኒባስ እያመላለሰ ነው የሚኖረው። ሲያገኙት መኪናው ውስጥ ሽቦ ይጠቀልል ነበር። የወንድሙን መመታት ሰምቷል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ዛሬ እሱ ዘንድ ሄደሃል?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«እኔ? ደጁን ከረገጥኩ ሦስት ዓመቴ።»

«እስቲ ጫማህን አንሣው።»

አላነሣም። ማንሣትም አላስፈለገውም፤ ሰጋቱራው ከጫማው ስፌት ውስጥ ይታያል።

ጣቢያ ተቀምጦ የተናገረው እንዲህ ነው። ልጅ ሆኖ እናትና አባታቸው ስለሞቱ ያሳደጉት ታላቅ ወንድሙና የወንድሙ ሚስት ናቸው። ሙያውንም ያስተማረው እሱ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ግን ታናሽየው ለብቻው የሠራው አንድ ሳጥን በሰው ድግስ መሐል ማጣበቂያው ለቆ ተበረገደ። ታላቅየው እንግዳው ሁሉ እየሰማ «እጅህ ለእንጨት አልተፈጠረም፣ ሁለተኛ ሳንቃ እንዳትነካ» አለው። ታናሽየው በዚያው ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱም አልተፈላለጉም።

«ታዲያ ዛሬ ምን እግር ጣለህ?»

«ሚስቴ ትናንት ወለደች። ሴት ልጅ። ጋሼ ሳያውቅ... አልሆነልኝም። እንደ ድሮው በጓሮ በር ገባሁ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሳጥኑ ላይ አጎንብሶ ብርጭቆ ወረቀት ይስባል። ድምፁ ጆሮ ይበጥሳል። ጠራሁት፤ አልሰማኝም። ሳየው ጠጉሩ ሸብቷል። በሦስት ዓመት እንደዚያ ይሸበታል?» ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። «ወኔዬ ከዳኝ። ተመልሼ ሮጥኩ።»

«ለምን ዋሸህ ታዲያ?»

«ተጣልተናል። ገብቼ ወጥቻለሁ። እሱ ተመትቷል። እርስዎ ቢሆኑ ማንን ይይዛሉ?»

ሳጅኑ አጠገብ ሆኖ ሳል ሳል አለ።

ከዚያ ወዴት እንደሄደ ጠየቀችው። ጎማው ተንፍሶ ጎሚስታ ዘንድ እንደሄደ ተናገረ። ሳጅኑ ሄዶ አጣራ። እውነት ነው፤ ጎሚስታው ሬዲዮው ላይ ዜና ሲጀምር ጎማውን እንደተቀበለው ያስታውሳል፤ ያ ደግሞ አራት ከሃያ ላይ ነው። ግን ምን ይረባል? ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አራት ባለችው ሁለት ደቂቃ መትቶ ወጥቶ፣ ብረቱን መንገድ ላይ ጥሎ፣ ከዚያም ጎሚስታ ዘንድ መድረስ ይቻላል። ታናሽ ወንድም ታሰረ።

*

በማግስቱ ጠዋት የባለሳጥኑ ሚስት ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ጣቢያ መጣች። ኢንስፔክተሯ ታሳሪውን እንድታየው ፈቀደችላት። ሴትየዋ ከፊቱ ቆመች።

«ነክተኸዋል?»

«አልነካሁትም፣ እትዬ።»

«ዓይኔን እያየህ ተናገር። ጡጦ ይዤ ያሳደግኩህ እኔ ነኝ፤ ስትዋሽ ታችኛው ከንፈርህ እንደሚንቀጠቀጥ አውቃለሁ።»

«አልነካሁትም።»

ከንፈሩ አልተንቀጠቀጠም። ሴትየዋ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረች፤ እንባዋ በሁለት ጉንጯ ይወርዳል። «አንዱ አልጋ ላይ፣ አንዱ እዚህ» አለች። «ሁለቱን በአንድ ቀን አትውሰዱብኝ።»

ኢንስፔክተሯ ምንም ቃል አልገባችላትም። እስከ በር ድረስ ግን ደግፋ ሸኘቻት።

የዚያን ቀን ሳጅኑ አራት ሰው ይዞ ከወርክሾፑ እስከ ጎሚስታው ድረስ ያለውን ቦይ አሰሰ። ከሰዓት በኋላ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ተመለሰ። «ሁለት ነጠላ ጫማ፣ አንድ ድስት፣ አንድ የብስክሌት መሪ» አለ። «ብረት የለም። አለቃ ደግሞ ነገ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይድረስ ብለዋል፤ የላይኛው አለቃ።»

ያ የተጠማዘዘ መስመር ግን ከኢንስፔክተሯ ዓይን አልወጣ ብሏል። ተነሥታ እስረኛው ዘንድ ወረደች።

«ወንድምህ እነዚያን ብረቶች ሲያወርድ ይጎትታቸዋል?»

«ጋሼ?» አለ ወጣቱ። ከታሰረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሊል ቃጣው። «በሁለት እጁ ነው እንደ እንቁላል ብድግ የሚያደርጋቸው። ስትጎትት ቢያይህ ጆሮህን ነው የሚይዝህ።»

«ድምፁንስ ያጠፋው ማን ነው? አራት ከሠላሳ ሁለት ላይ ቆሟል። አንተ የለህም፤ እሱ ወድቋል።»

«ማንም አያጠፋውም። የሙከራ ድምፅ ቅጂ ነው። ከወፍራም ድምፅ ጀምሮ ወደ በጣም ወፍራሙ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሳጥኑ የት ላይ እንደሚነዝር፣ የት ላይ አየር እንደሚያሾልክ የምናውቀው በእሱ ነው። ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ሲያልቅ በራሱ ይቆማል።»

ወረቀትና እርሳስ ሰጠችው። «ሳጥኑን ሣልልኝ። ውስጡን።»

ወጣቱ ሲሥል እጁ ተፍታታ። ድምፁም ተለወጠ፤ ስለሚያውቀው ነገር የሚያወራ ሰው ድምፅ ሆነ። «ሰው ባዶ ሳጥን ይመስለዋል። ይሄ ስፒከሩ የሚቀመጥበት ነው። ይሄ ጠባቡ ደግሞ ጉሮሮው ነው፤ ሳጥኑ የሚተነፍስበት። አጭር ከሆነ ድምፁ ይጮኻል እንጂ አያገሳም። ስለዚህ ጋሼ ውስጡ ሌላ ግድግዳ ይሠራና ጉሮሮውን እንደ ጉልበት ያጥፈዋል። እንደሱ አድርጎ የሚያጥፍ የለም። ታች ድረስ ይወርዳል፣ ከዚያ ይታጠፍና ከግድግዳው ኋላ...»

«በትልቁ ቀዳዳ ባትሪ ባበራ የግድግዳው ኋላ ይታየኛል?»

«አይታይም።»

ኢንስፔክተሯ ወንበሯን ገፍታ ተነሣች።

*

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አራት ፖሊሶች ያንን ሳጥን ከሁለት ጎኑ ይዘው ቀስ ብለው ወደ አንድ ወገን አዘነበሉት። መጀመሪያ ምንም አልተሰማም። ቀጥሎ ከሆዱ ውስጥ አንድ ከባድ ነገር ተንሸራቶ ሲመጣ ተሰማ፤ ከሳጅኑ ጫማ አጠገብ ዱብ አለ። ስድስተኛው ብረት ነው። አንደኛው ጠርዙ ላይ የደረቀ ደምና ሁለት ሽበት አለ።

ታናሽ ወንድም በካቴና እንደታሰረ በሩ አጠገብ ቆሟል። ሽበቱን ሲያይ ፊቱን አዞረ።

«ይኸው!» አለ ሳጅኑ። «መትቶ እዚህ ከተተው። የጉሮሮውን መታጠፍ ከሱ በላይ ማን ያውቃል?»

«የሚያውቅ ሰው ደብቆት ሲያበቃ የተደበቀበትን ቦታ ለፖሊስ ሥሎ ለምን ይሰጣል?» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሰዓትህን አውጣ።»

ብረቱን ሐኪሙ እንዲመረምረው በላስቲክ አስጠቅልላ አስቀመጠች። ከአምስቱ አንዱን አንሥታ፣ በርጩማው ላይ ወጥታ፣ መስመሩ ከሚጀምርበት ቦታ ከግድግዳው ሥር አኖረችው። የተንጋለለውን ሳጥን በወለሉ ላይ በቀረው ምልክት ልክ መለሱት። ወጣቱ ካቴናው ተፈትቶለት ቅጂውን ከመጀመሪያው አስጀመረው፤ የድምፁን መጠን የሚያስተካክለው ቁልፍ ወንድሙ ትቶት እንደሄደ ነው፤ ማንም አልነካውም።

ድምፁ ጀመረ። ሳጅኑ ጆሮውን ያዘ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ድምፁ እየወረደ፣ እየወፈረ ሄደ፤ አሁን በጆሮ ሳይሆን በደረት ነው የሚሰማው። ብረቱ ቁጭ ብሏል። ወጣቱ ብረቱን ሳይሆን መሬት መሬቱን ያያል።

አሥራ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ መደርደሪያው፣ በተለይ ሌሎቹ ብረቶች በማይጫኑት ዳሩ በኩል፣ መንዘር ጀመረ። አቧራው ተነሣ። ብረቱ እንደ መነቅነቅ አለና ከግድግዳው በጣት ስፋት ራቀ። ከዚያ ቆመ። ከዚያ ደግሞ ሄደ፤ ወደ ግራ ዞር፣ ወደ ቀኝ ዞር፣ ልክ ያንን መስመር ተከትሎ። ጫፉ ላይ ደርሶ ግማሹ ወጥቶ ተንጠለጠለ። ተንቀጠቀጠ። ወደቀ። ባለሳጥኑ አጎንብሶ በነበረበት ቦታ አልፎ፣ የሳጥኑን ጠርዝ ነክቶ፣ ጉሮሮው ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ውስጡ የተነጠፈው ስፖንጅ ተቀብሎት ኮሽታ እንኳ አልተሰማም።

«ስንት ሆነ?» አለች ኢንስፔክተሯ ጮክ ብላ።

«አሥራ አምስት!» አለ ሳጅኑ።

«አራት ከአሥር ላይ ጀመረ። አሥራ አምስት ስትጨምርበት?»

«አራት ከሃያ አምስት።» ሳጅኑ ሰዓቱን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አራት ከሃያ ላይ ይሄ ልጅ ጎሚስታ ዘንድ ነበር» አለ። «ማንም አልመታውም። የገዛ ሳጥኑ ነው የመታው!»

ኢንስፔክተሯ መምህሩ ስለሚራመደው ብርጭቆ ሲያወራ ሰምታ ልብ ሳትለው ማለፏን አስባ ራሷን ነቀነቀች። ይህን ጊዜ በሩ ተንኳኳ። መምህሩ ነው፤ ከዘራውን ወደ ላይ አንሥቷል።

«ሰውየው በሌለበትም?» አለ። «እናንተም ጀመራችሁ?»

ታናሽ ወንድም ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር። ሳጅኑ ሄዶ ከጎኑ ተቀመጠ። ካቴናውን ከወለሉ አንሥቶ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ይቅር በለን» አለ በመጨረሻ። «ልጅቷስ ደህና ናት?»

*

ባለሳጥኑ የነቃው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ሐኪሙ ጣቶቹን ሲያስቆጥረው አምስት አለ። ዓመቱን ሲጠይቀው ተቆጣ። «መቁጠሩን ተውና ውኃ ስጠኝ» ማለቱን ሲሰሙ ነርሶቹ ደህና እንደሆነ አወቁ። ምን እንደመታው አያስታውስም፤ ሳጥኑ ላይ ማጎንበሱን ብቻ ያስታውሳል።

ኢንስፔክተሯ ወንድሙን ከፊት አስቀድማ አስገባችው። ቀውላላው ሰው በሩ ላይ ሲደርስ አጠረ።

ባለሳጥኑ በፋሻ የተጠቀለለ አናቱን ቀስ ብሎ አዞረ። ሁለቱ ወንድማማቾች ተያዩ።

«መጣህ?» አለ ታላቅየው።

«መጣሁ፣ ጋሼ።»

«ሦስት ዓመት የት ከርመህ?»

ወጣቱ አንድ እርምጃ ወደ አልጋው ቀረበ። የተኛው ሰው እጁን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አወጣና አልጋውን መታ መታ አደረገ፤ ቁጭ በል ማለቱ ነው። ተቀመጠ። ኢንስፔክተሯ የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአጭሩ አስረዳችው፤ ብረቱን፣ ጉሮሮውን፣ ወንድሙ ሁለት ሌሊት ታስሮ ማደሩን። ባለሳጥኑ የወንድሙን መታሰር ሲሰማ ዓይኑን ጨፈነ።

«መደርደሪያውን ያለ ጠርዝ የመታሁት እኔ ነኝ» አለ። «የእጅ ነገር ሲነሣ እኔም አፌን ብይዝ ይሻለኛል።» ከዚያ የወንድሙን እጅ ያዝ አድርጎ፣ «ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ» አለ። «ያን ቀን ሰው ፊት ያልኩህን። ከአፌ ከወጣ ጀምሮ ጉሮሮዬ ላይ ነው ያለው።»

«እኔም ጠፋሁ፣ ጋሼ። ይቅር በለኝ።»

«ጓሮ በር ድረስ መጥተህ መመለስህ ግን...»

«ልጅ ተወለደችልኝ። ልነግርህ ነበር።»

ባለሳጥኑ ከትራሱ ለመነሣት ሞከረ፤ ሐኪሙ ትከሻውን ይዞ አስተኛው። «ልጅ?» አለ። «ልጅ ተወልዳ ነው እኔ ሦስት ቀን የምተኛው? አምጧት! ዛሬ አምጧት!»

ሚስቱ እስከዚያ ድረስ ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ ቆማ ነበር። ይህን ስትሰማ መሳቅ ጀመረች። እየሳቀች አለቀሰች፣ እያለቀሰች ሳቀች፤ ጥግ ላይ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ወንድማማቾቹ ሕፃኗ ማንን እንደምትመስል ሲከራከሩ፣ ነርሷ ጠያቂ ይበቃል ልትል ገባች። ኢንስፔክተሯ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ ጥጉ አመለከተቻት።

ሴትየዋ ወንበሩ ላይ እንዳለች እንቅልፍ ወስዷታል። ሦስት ቀን ዓይኗን አልከደነችም ነበር። ኢንስፔክተሯ ካፖርቷን አውልቃ አለበሰቻትና፣ በሩን ድምፅ ሳታሰማ ዘግታ ወጣች።